«ኔትወርክ የለም» ሲባል የቱ ነው የሌለው?

ሁለት ቃል ብቻ ሆና ማንኛውንም ክርክር የምትዘጋ ዓረፍተ ነገር አለችን፤ «ኔትወርክ የለም»። ባንክ ስንሄድ እንሰማታለን፣ ነዳጅ ማደያ እንሰማታለን፣ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ፊት ቆመን እንሰማታለን። ከተባለች በኋላ «የቱ ነው የሌለው? ከየት እስከ የት ነው የተቋረጠው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዝናብ ጠፋ እንደተባለ ገበሬ ወደ ላይ አንጋጠን፣ ራሳችንን ነቅንቀን እንወጣለን። ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ ከሰማይ አይደለም። ብዙ ጊዜ እዚያው ቤት ውስጥ፣ አቧራ የለበሰ ሣጥን ላይ ካለች አንዲት ቀዳዳ ነው።

ይህን ለማየት ወደ ላንጋኖ እንውረድ።

ላንጋኖን የማያውቅ የአዲስ አበባም ሆነ የአዳማ ሰው ጥቂት ነው። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሞጆን፣ መቂን፣ ባቱን፣ አዳሚ ቱሉንና ቡልቡላን አልፎ፣ በግራ በኩል ቡናማ ውኃው ብቅ ይላል። በቀኝ የአብጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ድሮ ሰው ወደዚያ የሚሄደው ከከተማ ለመገላገል ነበር። ዛሬ የክፍሉን ቁልፍ ሳይቀበል «የዋይፋዩ ፓስወርድ ስንት ነው?» ይላል። ግማሹ ሥራውን ይዞ ይመጣል፣ ግማሹ ልጆቹን በስልክ ጸጥ ለማሰኘት ይፈልጋል፣ መሥሪያ ቤቱ ለስብሰባ የላከው ደግሞ ሪፖርት የሚልክበት ሰዓት አለው። ሎጁም ራሱ ያለ ኔትወርክ አንዲት ቢራ መሸጥ አይችልም፤ ሂሳቡ በኮምፒዩተር ነው፣ የካርድ ማሽኑ መስመር ይፈልጋል፣ ካሜራዎቹም እንደዚያው።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች እየተዘዋወረ የሆቴልና የሎጅ ኔትወርክ የሚሠራ አንድ ወዳጅ አለኝ። ስሙንም የሎጁንም ስም አልጠቅስም። ከነገረኝ ሁሉ የሚከተለው አእምሮዬ ውስጥ ቀርቷል።

ሎጁ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ደህና ነው። ዓርብ ማታ እንግዳ ሲገባ ኢንተርኔቱ መንቀራፈፍ ይጀምራል፣ ቅዳሜ ምሳ ላይ ይሞታል። ባለቤቱ «መስመሩ አንሶ ነው» ብለው ከፍ ያለ ፓኬጅ ገዙ። ለውጥ የለም። ሌላ ጨመሩ። አሁንም ያው። አቅራቢው ባለሙያ ላከ፤ ሰውየው ማክሰኞ ቀን መጣና ገቢውን መስመር በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ ለካ። «የእኛ መስመር ጤነኛ ነው» ብሎ ሄደ። እውነቱን ነበር።

በዚህ መሐል እዳው የወደቀው እንግዳ መቀበያ ላይ በምትሠራው ልጅ ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የካርድ ማሽኑ እምቢ ሲል «ይቅርታ ጋሼ፣ ኔትወርክ የለም» ትላለች። እንግዳው ጥሬ ገንዘብ አልያዘም። «ከተማ ስገባ አስገባለሁ» ይላል፤ አንዳንዱ ያስገባል፣ አንዳንዱ ይረሳል። የተረሳው ከደመወዟ ይቆረጣል። ጭራሽ «በሥራ ሰዓት ፊልም የምታወርደው እሷ ናት» የሚል ሐሜትም ተጀመረ። ወዳጄ ሲደርስ ልጅቷ ሥራ ለመልቀቅ ደብዳቤ ጽፋ ነበር።

ችግሩ ምን ሆኖ ተገኘ? እሱን ለመናገር ኢተርኔት የሚባለውን ነገር ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። አንባቢዬ አይሰልች፤ ነገሩ የደጅ ላይ ትህትናችንን ይመስላል።

ሮበርት ሜትካፍ የተባለ አሜሪካዊ፣ ዜሮክስ ኩባንያ ካሊፎርኒያ ውስጥ በነበረው የምርምር ማዕከል እየሠራ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 1973 አንድ ማስታወሻ ጻፈ። በእኛ ግንቦት 14 ቀን 1965 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ወሎ በረሃብ ላይ የነበረችበት ዓመት። በማስታወሻው ላይ አንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉ ኮምፒዩተሮች በአንድ ሽቦ ላይ ተንጠልጥለው እንዴት መነጋገር እንደሚችሉ አስቀመጠ። ከዴቪድ ቦግስ ጋር ሆነው ሠሩት። ስሙን የወሰደው የጥንት የፊዚክስ ሊቃውንት «ብርሃን የሚጓዝበት የማይታይ ነገር አለ» ብለው ያምኑበት ከነበረው ኢተር ነው። ሊቃውንቱ ተሳስተው ነበር፣ ስሙ ግን ቀረ። ሐሳቡ ደግሞ ሐዋይ ደሴቶች ላይ ኮምፒዩተሮችን በሬዲዮ ካገናኘው አሎሃ ከሚባል ኔትወርክ የተቀዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጣለት፤ ሜትካፍም ከ40 ዓመት በኋላ በኮምፒዩተር ሳይንስ ትልቁ የሚባለውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበለ።

የመጀመሪያው ኢተርኔት አንድ ሽቦ ለሁሉም ነው። ስለዚህ ሕግ ያስፈልጋል። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ከመናገርህ በፊት አዳምጥ፤ ሌላ ሰው እየተናገረ ከሆነ ጠብቅ፤ ሁለታችሁ እኩል ከጀመራችሁ ሁለታችሁም አቁሙ፣ እያንዳንዳችሁ በዘፈቀደ ለተወሰነ ጊዜ ቆዩና እንደገና ሞክሩ። ሁለት ሽማግሌዎች በር ላይ ሲገናኙ ያለውን አስቡት። «ይቅደሙ»፣ «ኧረ አይገባም፣ እርስዎ ይቅደሙ»፤ ሁለቱም እኩል ይራመዳሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይሣሣቃሉ፣ ወደኋላ ይላሉ። በመጨረሻ አንዱ ቀድሞ ይገባል። በተራ መነጋገር ማለት ይህ ነው፤ ባለሙያዎቹ ሃፍ ዱፕሌክስ ይሉታል።

በኋላ ስዊች የሚባለው ሣጥን መጣና እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የራሱ ኬብል፣ የራሱ ቀዳዳ ኖረው። ኬብሉ ውስጥ መሄጃውና መምጫው ስለተለየ መጠባበቅ ቀረ። ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ይናገራል፣ በአንድ ጊዜ ይሰማል። ይህ ፉል ዱፕሌክስ ነው። የድሮው ላንጋኖ መንገድ ላይ ከፊትህ ያለውን ሲኖትራክ ለመቅደም ተቃራኒውን እየሰለልክ ትጠብቃለህ፤ ከሞጆ ወደ መቂና ባቱ የተሠራው የፍጥነት መንገድ ላይ ግን መሄጃው ለብቻ፣ መመለሻው ለብቻ ነው፣ ዝም ብለህ ትነዳለህ።

አሁን ወደ ሎጁ እንመለስ። ከዓመታት በፊት የሠራ አንድ ቴክኒሻን የራውተሩን ፖርት በእጁ «ፍጥነትህ 100፣ አካሄድህ ፉል ዱፕሌክስ» ብሎ ቆልፎታል። በዚያ ዘመን ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ከዚያ ስዊቹ ተቃጠለና በአዲስ ተተካ። አዲሱ ስዊች እንደ ማንኛውም ዘመናዊ ዕቃ ፖርቶቹ «አውቶ» ላይ ናቸው፤ ኬብል ሲሰካ ከወዲያኛው ወገን ጋር ተነጋግሮ ፍጥነቱንም አካሄዱንም ይስማማል። ራውተሩ ግን ተቆልፏል፣ አይደራደርም። እዚህ ላይ ነው ወጥመዱ። ስዊቹ ከሚመጣው የኤሌክትሪክ ምልክት ተነስቶ ፍጥነቱ 100 መሆኑን ያውቃል። አካሄዱን ግን ማወቅ አይችልም። ማወቅ ሲያቅተው ደረጃው የሚያዘው የጥንቱን እንዲይዝ ነው፤ ሃፍ ዱፕሌክስ።

እንግዲህ አንዱ ወገን «ይቅደሙ» እያለ ይጠብቃል፣ ሌላው የፍጥነት መንገድ ላይ ያለ መስሎት ሳያይ ይነዳል። ዕቃው ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች፤ ሁሉም ደህና ይመስላል። ሰው ጥቂት በሆነበት ማክሰኞ ግጭቱ ጥቂት ስለሆነ ማንም አያስተውልም። ፒንግ ብለው ቢሞክሩትም ትናንሽ እሽጎች ስለሚያልፉ «ጤነኛ» ይላል። ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉም ክፍል ቪዲዮ ሲከፍት ግን ግጭቱ ይበዛል፣ የተበላሸ መረጃ እንደገና ይላካል፣ የተላከው እንደገና ይጋጫል። እዚህ ላይ ትልቅ ፓኬጅ መግዛት ትርጉም የለውም። ከደጅ የሚገባውን ቧንቧ ብታሰፋው የቤቱ ቧንቧ ጉሮሮው ላይ ታንቋል።

ወዳጄ ይህን ያገኘው በመገመት አይደለም። ፖርት፣ ወይም በሙያው አጠራር ኢንተርፌስ፣ ራሱ መዝገብ ይይዛል። ሲስኮ በሚባሉት መሣሪያዎች ላይ «ሾው ኢንተርፌስ» የምትል ትእዛዝ ብትጽፍ ታሪኩን ያወጣልሃል፤ ስንት እሽግ ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንቱ ተበላሸ፣ ስንት ጊዜ ተጋጨ። በስዊቹ በኩል «ሌት ኮሊዥን» የሚባለው፣ ማለትም መሆን ከሚገባው ሰዓት በኋላ የሚመጣው ግጭት፣ ቁጥሩ አብጧል። በራውተሩ በኩል ደግሞ ተቆራርጠው የደረሱ እሽጎች ስሕተት ተቆልሏል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በአንድ ኬብል ሁለት ጫፍ ላይ ያየ ባለሙያ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። ራውተሩን ወደ አውቶ መለሰው። ሁለት መስመር ጽሑፍ ናት።

ባለቤቱ ክፍያውን ሲሰሙ «ለሁለት ደቂቃ ሥራ?» አሉ ይባላል። ለሁለት ፓኬጅ በየወሩ ሲከፍሉ የኖሩትን ማስታወስ ግድ ሆነ። ከልጅቷ የተቆረጠው መመለሱን ወዳጄ አልጠየቀም፤ ደብዳቤዋን ግን እንደቀደደችው ነግሮኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ «ቁልፍ አድርገው፣ አውቶ አይታመንም» የሚል የድሮ ምክር እስከ ዛሬ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ባለ 100 ሜጋው ኢተርኔት ገና ሲወጣ፣ የተለያዩ ፋብሪካዎች ዕቃ በደንብ አይግባባም ነበርና ምክሩ መሠረት ነበረው። የዛሬው በመዳብ ኬብል የሚሄደው ባለ 1 ጊጋ ኢተርኔት ግን ድርድሩን ግዴታ ያደርገዋል። መቆለፍ ካለብህም ሁለቱንም ጫፍ እኩል ቆልፍ፤ አንዱን ብቻ የቆለፈ ሰው ለሚቀጥለው ባለሙያ ፈንጂ ቀብሮ ነው የሚሄደው።

ላንጋኖ ለኢተርኔት የራሷ ፈተናም አላት። ሎጆቹ እንደ ከተማ ሆቴል ወደ ላይ አልተደራረቡም፤ ጎጆዎቹ በሐይቁ ዳር፣ በግራር ሥር ተዘርግተዋል። የመዳብ ኢተርኔት ኬብል በደረጃው መሠረት 100 ሜትር ነው ወሰኑ፤ 90ው በግድግዳና በመሬት የሚሄደው፣ ቀሪው 10 በሁለቱ ጫፍ ላሉት አጫጭር ገመዶች። የመጨረሻው ጎጆ 180 ሜትር ላይ ከሆነ «ኬብሉ ደርሷል እኮ» ማለት አያዋጣም። ፖርቱ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ይወድቃል። ገበያ ላይ መዳብ እየተባለ የሚሸጠው ርካሹ ኬብል ደግሞ አንዳንዴ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ መዳብ የተቀባ ብቻ ስለሆነ 100ውንም አይሞላም። ላዩን በቢላ ፋቅ አድርጎ ማየት ነው፤ ነጭ ብረት ብቅ ካለ ተበልተሃል።

በዚህ ላይ ፀሐዩ አለ፤ ለቤት ውስጥ የተሠራ ኬብል ልባሱ በጥቂት ጊዜ ይሰነጣጠቃል። ጦጣው አለ። ክረምት ሲገባ መብረቁ አለ፤ ሜዳ ላይ ከጎጆ ጎጆ የተዘረጋ መዳብ ለመብረቅ ጥሩ መሰላል ነው፣ አንድ ሌሊት ውስጥ ከዚህም ከዚያም ያሉትን ፖርቶች ይዞ ይሄዳል። ለዚህ ነው ከጎጆ ጎጆ ፋይበር ይሁን የሚባለው፤ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ርቀቱም በኪሎ ሜትር ነው። ሲገዛ ይወደዳል። ሦስት ክረምት ስዊች እየቀየሩ ከሚከፈለው ግን ይረክሳል።

የኬብሉን ጤንነት ፖርቱ ራሱ ይናገራል፤ የሚሰማው ካገኘ። ባለ 1 ጊጋ ኢተርኔት ስምንቱንም ሽቦዎች ይፈልጋል፣ ባለ 100 ሜጋው ግን አራት ይበቁታል። ስለዚህ እስከ ትናንት 1 ጊጋ ላይ የነበረ ፖርት ዛሬ 100 ላይ ከተቀመጠ፣ ኮንፊገሬሽን ከመነካካት በፊት ከስምንቱ አንዱ መበጠሱን መጠርጠር ነው። ካሜራው ቀን ሠርቶ ማታ ማታ የሚጠፋ ከሆነም ሌባ ነቀለው ከማለት በፊት ስዊቹን ተመልከቱ። ካሜራውም የዋይፋይ ሣጥኑም ዛሬ መብራቱን የሚያገኘው በዚያው በኢተርኔት ኬብል ነው፣ ስዊቹም የሚያድለው ኃይል ልክ አለው። ማታ የካሜራው የጨለማ ማያ መብራት ሲበራ ኃይል ይጨምራል፣ ልኩ ያልፋል፣ ስዊቹ አንዱን ፖርት ይዘጋል። ዘበኛው ያላጠፋው ጥፋት ነው።

ፖርት «ዳውን» ሲልም አንድ ዓይነት አይደለም። ኬብሉ ወልቆ ዳውን የሆነ አለ። ሰው በትእዛዝ የዘጋውም አለ፤ የሲስኮ ራውተር ፖርቶች ከፋብሪካ ሲወጡ ዝግ ናቸው፣ «ኖ ሻትዳውን» ብለህ ካልከፈትካቸው ኬብል ስትነቅልና ስትሰካ ብትውል አይሰሙህም። አዲስ ተመራቂዎች ከአዳማም ሆነ ከሻሸመኔ መጀመሪያ ሥራ ላይ ሲወጡ ብዙ ላብ የሚያፈሱት እዚህች ላይ ነው። ራሱን በራሱ የዘጋም አለ፤ አስተናጋጁ ወለል ላይ የወደቀ ገመድ አግኝቶ «ይህ ከየት ወለቀ?» ብሎ ሁለቱንም ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ ሲሰካው። በቅንነት ነው ያደረገው። ኢተርኔት ላይ የሚዞር እሽግ ዕድሜ የለውም፤ ክብ መንገድ ካገኘ እየተባዛ ይዞራል፣ በሰከንዶች ውስጥ ሙሉ ሎጁን ያንቃል። ይህን የሚከላከለውን ስፓኒንግ ትሪ የሚባል ዘዴ ራዲያ ፐርልማን የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1985 ፈለሰፈችው። ርካሾቹ ስዊቾች ግን ይህ የላቸውም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። በብዙ ቦታ የእንግዳው ስልክ፣ የካሜራው መቅጃ፣ የካርድ ማሽኑና የሂሳብ ክፍሉ ኮምፒዩተር በአንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። የዋይፋዩን ፓስወርድ ያገኘ ሰው ሁሉ፣ ፍላጎቱና እውቀቱ ካለው፣ የካሜራ መቅጃውን በር ማንኳኳት ይችላል፤ በሩም ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ በመጣበት ፓስወርድ ነው የተዘጋው። ማን ከማን ጋር መጥቶ ሐይቅ ዳር እንደተቀመጠ የሚያሳይ ካሜራ መሆኑን አስቡት። ይህን ለመለየት አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ኮንፊገር የሚደረግ ስዊች ካለ ፖርቶቹን በምናብ አጥር መክፈል ይቻላል፤ ቪላን ይባላል። ይኼ ፖርት የእንግዳ ነው፣ ያኛው የሂሳብ ነው፣ ወደ ራውተሩ የሚሄደው ደግሞ ሁሉንም በየምልክታቸው ለይቶ የሚሸከም ነው ትለዋለህ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

መብራቱን ሳላነሳ ባልፍ ላንጋኖን አላውቃትም ማለት ነው። ከሐይቁ አጠገብ ባለው በአሉቶ ተራራ ላይ በአገራችን የመጀመሪያው የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1998 ተተክሏል። የሆነው ሆኖ ጎረቤትነት መብራት ከመጥፋት አያድንም። ለኔትወርክ ደግሞ የመብራት መሄድ የተለየ መዘዝ አለው። በብዙዎቹ ትልልቅ መሣሪያዎች ላይ ባለሙያው የሚጽፈው ኮንፊገሬሽን ወዲያው ይሠራል፣ ግን የሚቀመጠው ጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ ነው። ወደ ቋሚው «አስቀምጥ» ካላለው መብራት በሄደና በመጣ ጊዜ ሣጥኑ ሁሉን ረስቶ ይነሳል። ባለሙያው ሁሉን አስተካክሎ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ተመስግኖ ወደ አዳማ ይሄዳል። ከአሥር ቀን በኋላ መብራት ብልጭ ትልና የዛሬ ዓመቱ ችግር ይመለሳል። ያኔም የሚባለው ያው ነው፤ «ኔትወርክ የለም»።

ስለዚህ ሎጅ ወይም ሆቴል ያላችሁ፣ ባለሙያው ዕቃውን ሰብስቦ ከመሄዱ በፊት ሂሳቡን ከመክፈላችሁ አስቀድማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት። እያንዳንዱ ፖርት ወዴት እንደሚሄድ ስም ሰጥተኸዋል ወይ? ብዙዎቹ መሣሪያዎች የእኛን ፊደል ስለማያነቡ በላቲን ይጻፈው፣ ግን ወረቀት ላይ በአማርኛና በኦሮምኛ ጽፎ ሣጥኑ በር ላይ ይለጥፍ። የማይሠራባቸውን ትርፍ ፖርቶች ዘግተሃል ወይ? ሦስተኛው፣ አስቀምጠኸዋል ወይ? «አዎ» ካለ «እስቲ ሶኬቱን ነቅለን እንሰካው» በሉት። ፊቱን እያያችሁ።